በታኅሣሥ ብርድ የጣና ቆሮሶ ለምን እምቢ አለን?

ጥያቄ — ከ«መጤው»

ለሥራ ባሕር ዳር ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሐይቁን በየቀኑ አየዋለሁ፣ ዓሣውንም በየሳምንቱ እበላለሁ፤ ሆኖም እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ በገዛ እጄ መንጠቆ ጥዬበት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ከቤት ያወጣኝ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ የመጣ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። እሱ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ዳር ብዙ ቅዳሜዎችን ያሳለፈ ሰው በመሆኑ፣ ጣናን ገና ከመኪናው መስኮት ሲያየው እጁን ይበላው ጀመር። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለሆነ ዓሣ በገበያ ተወዷል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ ባለቤቴ «እስቲ እናንተው አምጡና ልጥበሰው» ብላ ሸኘችን።

የመረጥነው ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ደንገልና ፊላ የበቀለበት፣ ጥቁር ድንጋዮችም እስከ ውኃው ድረስ የሚወርዱበት ዳርቻ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደረስን። ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት እየተባለ ሲነገር ሰምቼ አንድ ስስ ሹራብ ብቻ ደርቤ ነበር የወጣሁት፤ ጓደኛዬ ግን ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቧል። ከውኃው ላይ እንፋሎት ይነሣል፤ አንድም ሞገድ የለም፤ ከሩቅ የአንድ ታንኳ መቅዘፊያ ውኃውን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ትሉን መንጠቆው ላይ ለመሰካት ስሞክር ጣቴን ወጋሁት፤ እጄ ከመደንዘዙ የተነሣ መወጋቴን ያወቅሁት ደሙን ሳይ ነው።

ጓደኛዬ እየተሳበ የሚረዝም ዘንግ ስላለው መንጠቆውን ሠላሳ ሜትር ያህል አርቆ ይወረውራል። እኔ በባዶ የውኃ ጠርሙስ ላይ የተጠቀለለ የናይለን ክር፣ አንዲት ማስጠሚያ እርሳስና የቡሽ ቁራጭ ነበረኝ፤ አቅሜ እስከ አሥር ሜትር አካባቢ ነው። ለሁለታችንም ማባበያችን ከቤታችን ጓሮ ከሙዙ ሥር የቆፈርነው የመሬት ትል ነበር። ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ቡሼ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነቃነቀም። ከሁሉ ያናደደችን ደግሞ አንዲት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሣ አጥማጅ ወፍ ናት። ከእኛ አራት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ከደንገሉ ጫፍ ላይ ክንፎቿን እያርገበገበች በአየር ላይ ትቆምና ወደ ውኃው ተወርውራ ትወርዳለች፤ ጣት የምታህል ዓሣ ይዛ ትወጣና ድንጋይ ላይ እየደበደበች ትውጣለች። ይህን አምስት ጊዜ ስታደርግ ቆጥሬያለሁ፤ ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ፊቱን አዞረ።

በመካከሉ ክሬ ከፊላው ጋር ስለተወሳሰበ ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ገብቼ ፈታሁት። ወደ 5 ሰዓት ገደማ የጓደኛዬ ዘንግ በድንገት ጎበጠና ከክንድ ትንሽ የሚያንስ አምባዛ ወጣ። ሊይዘው ሲሞክር በዝልግልጉ ቆዳው ተንሸራቶ፣ በጎኑ ባለው ክንፍ እሾህ መዳፉን በሳው። ያች አምባዛ በፌስታል ታስራ በባጃጅ ቤት ከደረሰችና በሳፋ ከተቀመጠች በኋላም ትንፈራገጥ ስለነበር፣ ባለቤቴ ልታርዳት አልደፈረችም። የቀኑ ምርታችን በሙሉ እርሷ ናት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እኛ የፈለግነው ቆሮሶ ነበር፤ በየምግብ ቤቱ ተጠብሶ የሚቀርበው ዓሣ በዚያ ሁሉ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ያልነካን በወቅቱ ምክንያት ነው፣ በሰዓቱ ነው፣ ወይስ በእኛ አላዋቂነት? ባሕር ማዶ የሚኖረው የጓደኛዬ ወንድም በስልክ «በክረምት ዓሣ አይበላም» ብሎናል፤ የእርሱ ክረምት በረዶ የሚጥልበት የፈረንጆቹ ወር ነው፣ የእኛ ክረምት ግን ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ ምክሩን ለየትኛው እንደምወስደው አልገባኝም። ለመሆኑ ክረምቱን ጠብቀን ብንወጣ ይሻለን ይሆን?


መልስ — ከ«የደንገል ጥላ»

ሐይቁ ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ የአባቴን መረብ እየጠገንሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ የማውቀውን ልንገርዎ። ስሕተታችሁን ያች ወፍ አምስት ጊዜ ደጋግማ ነግራችኋለች። እርሷ ከዳርቻው አራት እርምጃ ላይ ስታጠምድ ጓደኛዎ ሠላሳ ሜትር ይወረውር ነበር።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ሐይቅ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እናንተ ከቆማችሁበት ዳርቻ ሠላሳ ሜትር ርቆ የሚያርፍ መንጠቆ ምናልባት ከሰው ቁመት በማይበልጥ ውኃ ውስጥ፣ መሸሸጊያ በሌለው ባዶ ጭቃ ላይ ነው የሚቀመጠው። በዚያ የሚያልፈው አምባዛ ነው፤ የያዛችሁትም እርሱን ነው። ቆሮሶ ግን ደንገልና ፊላ ሥር፣ አረንጓዴ ሽበት በለበሱ ድንጋዮች ዙሪያ ይውላል፤ ምክንያቱም ዋነኛ ምግቡ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውና በድንጋይ ላይ የሚያድገው ያ አረንጓዴ ነገር ነው።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የሐይቁ መካከል ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ ጉልበት የማይደርሰው የዳርቻው ውኃ ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ያያችሁት እንፋሎት የዚሁ የብርድና የሙቀት ልዩነት ነው። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ዓሣ በመሆኑ ውኃው ከ20 ዲግሪ ወዲህ ሲወርድ መብላቱን ይቀንሳል፤ ማለዳ ላይ ከዳርቻው ፈቀቅ ብሎ ይቆይና ፀሐይ ድንጋዩን ስታሞቅ ይመለሳል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ሌሊት ተነሥቶ መንቀጥቀጥ ለታንኳ ቀዛፊ እንጂ ለዳር አጥማጅ ትርፉ አነስተኛ ነው። ቁርሳችሁን በልታችሁ በ4 ሰዓት ብትወጡ፣ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል፤ ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎች ጎብኚዎቻቸውን በጠዋት የሚጭኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ቡሹን ስለሚያናውጠው ዓሣ ይንካው ውኃ ይንካው መለየት ያስቸግራል።

በበጋ ውኃው ከክረምቱ ይልቅ የጠራ መሆኑንም አትርሱ። እናንተ ዓሣውን ባታዩትም እርሱ ያያችኋል፤ በድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ከውኃው ውስጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። ከዳርቻው አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ጥላችሁ ውኃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ከፊት አድርጋችሁ ብታጠምዱ ይሻላል።

ማባበያውን በተመለከተ ትል የአምባዛ ነው። ለቆሮሶ ጠንከር ያለ የስንዴ ሊጥ፣ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት በደንብ የታሸ፣ ከሽንብራ ፍሬ ያልበለጠ ብቻ በመንጠቆው ጫፍ ላይ ይደረጋል።


መልስ — ከ«ባለ መንጠቆ»

የደንገል ጥላ በተናገሩት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በትሉ ጉዳይ ግን አልስማማም። ቆሮሶ ትል አይበላም የሚለው አነጋገር በከተማችን ስለተለመደ ሰው ሁሉ ይደግመዋል እንጂ፣ እኔ በትል የያዝኋቸው በሊጥ ከያዝኋቸው አያንሱም። ልዩነቱ በትሉ አቆራረጥና በመንጠቆው መጠን ላይ ነው። ጠያቂው የመንጠቆውን መጠን አልጻፉም፤ ሆኖም ያንን የሚያህል አምባዛ ጎትቶ ያወጣ መንጠቆ ለቆሮሶ አፍ ትልቅ ሳይሆን አይቀርም። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፤ የሚበላውም እየመጠጠና እየተፋ ነው። ሙሉ ትል ተንጠልጥሎ ሲያገኝ ጫፉን ይነጭና ይሄዳል፣ ቡሹም እምብዛም አይሰምጥም። አንዱን ትል አራት ቦታ ቆርጣችሁ፣ የመንጠቆው ሹል ብቻ እስኪሸፈን አድርጋችሁ ሞክሩት።

በተጨማሪ ቡሹ ትልቅ ከሆነ ቀንሱት። እኔ የምጠቀመው ከደንገል ግንድ የተቆረጠ፣ የመጻፊያ እርሳስ ርዝመት ግማሽ የሚያህል ቁራጭ ነው፤ ታንኳ የሚያንሳፍፈው ነገር ክርም ያንሳፍፋል፣ ዋጋውም ምንም ነው።


መልስ — ከ«ነርሷ ከጎርጎራ»

እኔ ስለ ዓሣ ማጥመድ የማውቀው ነገር የለም፤ ጥያቄውን ያነበብሁት ባለቤቴ በስልኩ ስላሳየኝ ነው። ይሁን እንጂ ሁላችሁም ዘላችሁት ያለፋችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ጠያቂው ጫማቸውን አውልቀው እስከ ጉልበታቸው ወደ ውኃው ገብተዋል።

በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል በውኃ ዳር ሣር ላይ በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ወደ ውኃው ይለቀቃል፤ ከዚያም የሰውን ቆዳ በስቶ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ቀንድ አውጣዎቹ የሚበዙት ደግሞ እናንተ ቆሮሶ ይገኝበታል በምትሉት በዚያው ፊላና ደንገል ሥር ነው፤ ጥገኛው በብዛት የሚለቀቀውም ፀሐይ በምትበረታበት ጊዜ ነው። ስለዚህ «በ4 ሰዓት ውጡ» የሚለው ምክር ለዓሣው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እግሩን ውኃ ውስጥ ለሚነክር ሰው ግን የባሰው ሰዓት እርሱ ነው። ክሩ ከተወሳሰበ ቆርጠው ይተዉት፤ ወይም እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ ይግዙ።

አሁን መደናገጥ አያስፈልግም። ከገቡበት ቀን አንሥቶ ሁለት ወር ገደማ ሲሞላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው የሰገራ ምርመራ ያድርጉ፤ ቀደም ብለው ቢሄዱ እንቁላሉ ገና በሰገራ ላይ ስለማይታይ «ነፃ ነዎት» ተብለው ሊመለሱ ይችላሉ። በመካከሉ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የቆዳ ማሳከክ ከተሰማዎት ግን ሁለት ወሩን ሳይጠብቁ ይሂዱና ውኃ ውስጥ መግባትዎን ለሐኪሙ ይንገሩ። ቢገኝብዎ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ጓደኛዎም መዳፋቸው በአምባዛ እሾህ ስለተወጋ ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጥበው ይከታተሉት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰዱበትን ጊዜ የማያስታውሱ ከሆነም ሐኪም ያማክሩ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ማለት ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃው የሚመለስበት ሰዓት ነው። ወደ ዓባይ መውጫና ወደ ደብረ ማርያም አካባቢ የምትሄዱ ከሆነ፣ በሣሩ መካከል ተረግጦ እንደ ቦይ የተከፈተ መንገድ ስታዩ በእርሱ ላይ አትቀመጡ። ጉማሬ በእርሱና በውኃው መካከል የቆመን ሰው አይታገሥም።


መልስ — ከ«የደንገል ጥላ»

ነርሷ ትክክል ናቸው፤ እኛ የሐይቅ ዳር ልጆች ስለለመድነው አናስበውም እንጂ በልጅነቴ ያልታከመ ጓደኛ አልነበረኝም። ለባለ መንጠቆም ስለ ትሉ ግማሹን እቀበላለሁ፤ የቀረውን ግማሽ ዳርቻው ላይ ተገናኝተን እንጨርሰዋለን።

ስለ ክረምቱ የተጠየቀው ሳይመለስ ቀርቷልና ልመልሰው። ክረምቱን አትጠብቁ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ሲሞሉ የሚያመጡት ደለል ውኃውን ቡና በወተት ያስመስለዋል፤ የሐይቁ ከፍታ ይጨምርና መስከረም ላይ ጣራው ይደርሳል፤ የተቀመጣችሁባቸው ጥቁር ድንጋዮችም ይሰወራሉ። አምባዛ በዚያን ጊዜ ወደ ፎገራ ሜዳ ጎርፍ ይወጣል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል በወንዞቹ አፍ ተሰብስበው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሰው «ክረምት ዓሣ ይበዛል» የሚለው ይህን አይቶ ነው። በዛ ማለት ግን ተሰበሰበ ማለት ነው፤ የዓመቱ ወላዶች በሙሉ አንድ በር ላይ ቆመዋል።

የጣና ነጭ ዓሣ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ያሉት ነው፤ ከታች ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከሌላው የዓባይ ዓሣ ለይቶ ለብቻው አስቀርቶታል። በ1978 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ ምን እንደሆነ አጥኚዎች መዝግበውታል፤ በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው መጠን በክብደት ሲለካ በሦስት አራተኛ ያህል ወርዷል። አባቴ በዚያ ዘመን መረባቸውን ሲጎትቱ አጠገባቸው ነበርሁ፤ ሁለት ሰው ያነሣው የነበረውን መረብ እኔ ልጁ ብቻዬን የማነሣው ሆነ። በወንዞቹ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በመበተን ዓሣውን አስክረው የሚሰበስቡም አሉ፤ ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይመርጥም። እናንተ በአንድ መንጠቆ ሐይቁን አትጎዱትም፤ ሆኖም በክረምት ወንዝ አፍ ላይ ከምትገኙ በታኅሣሥ ብርድ ብትንቀጠቀጡ እመርጣለሁ።

ዓሣ ማስገርን የሚመለከት የፌዴራል አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 315/1995 ነው። ክልሉም የራሱን ደንብ ስለሚያስፈጽም፣ ይህን ነገር የዘወትር ልማዳችሁ ልታደርጉት ካሰባችሁ በአቅራቢያችሁ ያለውን የዓሣ ሀብት ባለሙያ አስቀድማችሁ ብታነጋግሩ መልካም ነው።


መልስ — ከ«መጤው»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዘግይቼ የምመልሰው ሞክሬው ልመለስ ብዬ ነው።

ጓደኛዬ ወደ አዲስ አበባ ስለተመለሰ ከጥምቀት በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ብቻዬን ወጣሁ። ቁርሴን በልቼ፣ የጎማ ቦት ጫማ አድርጌ፣ በ4 ሰዓት እዚያው ድንጋይ ዘንድ ደረስሁ። ከመንጠቆዎቹ ሁሉ ትንሿን መረጥሁ፤ ቡሹን ጥዬ ባለ መንጠቆ እንደነገሩኝ የደንገል ቁራጭ አሰርሁ፤ ተቀምጬም ከአራት እርምጃ ያልራቀ ቦታ ላይ ጣልሁት። ለግማሽ ሰዓት ምንም አልነበረም። ከዚያ ደንገሏ እንደ መስመጥ ሳይሆን ወደ ጎን እንደ መሄድ አለች፤ እኔም የምትሰምጥበትን ስጠብቅ ሁለቱ ሊጤን ልሰው ሄዱ። በሦስተኛው ወደ ጎን ፈቀቅ ስትል ወዲያው ሳብሁ። እስከ 7 ሰዓት ተኩል አራት ቆሮሶዎች ያዝሁ፤ አንዱ ከመዳፌ ያነሰ ስለነበር መልሼዋለሁ። ሁለቱ በሊጥ፣ ሁለቱ በተቆራረጠ ትል ስለተያዙ የሁለታችሁን ክርክር እኔ ልፈታው አልቻልሁም። ነፋሱ በተባለው ሰዓት መጣና አስነሣኝ።

የሰገራ ምርመራውን ለየካቲት መጨረሻ ቀጥሬያለሁ። ለጓደኛዬ የሦስቱን ዓሣዎች ፎቶ ላክሁለት፤ ወዲያው ደውሎ ስንት ሜትር ወርውሬ እንደያዝኋቸው ጠየቀኝ። አራት እርምጃ ብዬ ስነግረው ጥቂት ዝም አለና፣ ወፊቱ አሁንም እዚያ እንዳለች ጠየቀኝ። አለች፤ እንዲያውም የመለስሁትን ትንሹን ቆሮሶ ያስቀረችው እርሷ ሳትሆን አትቀርም።